ከሲያትል እስከ ሃንፎርድ፦ የስበት ሞገድ የሚደመጥበት በረሃ

ከሲያትል ተነስተን የስኖኳልሚን ተራራ እስክንሻገር መንገዱ ጫካና ዝናብ ነበር። ያኪማን ስናልፍ ዛፉም ዝናቡም ቀረ። ከሪችላንድ በስተሰሜን ያለው ሜዳ በረሃ ነው፤ ንፋሱ ደረቅ ቁጥቋጦ እየነቀለ ያንከባልላል። አካባቢው ሃንፎርድ ይባላል። ናጋሳኪ ላይ የተጣለው ቦምብ ፕሉቶኒየም የተመረተው እዚህ ነው። እኔና የእህቴ ልጅ የሄድነው ግን ላይጎ ወደሚባለው የስበት ሞገድ ጣቢያ ነው። የስበት ሞገድ ማለት ግዙፍ የሰማይ አካላት ሲዋሃዱ ተነስቶ፣ ኅዋን ራሱን እየለጠጠና እያጨማደደ የሚጓዝ ሞገድ ነው።

በሲሚንቶ የተሸፈነ ቱቦ ቀጥ ብሎ ሄዶ ከዓይን ይሰወራል። ርዝመቱ 4 ኪሎ ሜትር ነው። እኩያው ደግሞ በ90 ዲግሪ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይሄዳል። ውስጣቸው አየር የለም። አንድ ሌዘር ለሁለት ተከፍሎ ይገባባቸዋል፤ ጫፍ ላይ ካሉት መስታወቶች ተመልሶ ይገናኛል። የስበት ሞገድ ሲያልፍ አንዱ ክንድ በጥቂቱ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል። ጥቂት ማለት እዚህ ምን ማለት ነው? ፕሮቶንን አሥር ሺህ ቦታ ብትከፍሉት አንዷን ቁራሽ ያህል።

ከግንባታው በላይ የገረመኝ ማሽኑን አሟሽቶ ሥራ የማስጀመሩ ጣጣ ነው። ዋናዎቹ መስታወቶች እያንዳንዳቸው 40 ኪሎ ይመዝናሉ። የተንጠለጠሉት 0.4 ሚሊ ሜትር በሚወፍሩ የመስታወት ክሮች ነው። ሁሉም ትክክለኛ ርቀታቸውን ጠብቀው ካልቆሙ ማሽኑ ምንም አይሰማም። መጀመሪያ ሁለቱን ክንዶች በአረንጓዴ ሌዘር ይይዟቸዋል፤ ከዚያ ቀስ ብለው በዓይን ለማይታየው ዋናው ሌዘር ያስረክባሉ። ንፋስ ህንፃውን ከገፋው ወይም ሩቅ አገር መሬት ከተንቀጠቀጠ ያ ሁሉ አሰላለፍ ይፈርሳል። እንደገና ከሀ ይጀመራል።

ከዚያ የረብሻ አደን አለ፤ ረብሻ የሚሉት ማሽኑ ውስጥ እየገባ ሞገዱን የሚሸፍነውን ወይም ሞገድ የሚመስለውን ንዝረትና ድምፅ ነው። መሬቱን ይመታሉ፣ ድምፅ ማጉያ ያጮሃሉ፤ ረብሻው በየት በኩል እንደሚገባ ይፈልጋሉ። የልጁን ቀልብ የገዛው ግን የቁራዎቹ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 2017፣ በእነሱ በጋ፣ ምንጩ ያልታወቀ ረብሻ ታየ። ለካ የበረሃው ቁራዎች ውሃ ጠምቷቸው፣ በጣቢያው ቀዝቃዛ የናይትሮጅን ቧንቧ ላይ የሚሠራውን በረዶ እየቆረቆሩ ነበር!

«ታዲያ አባረሯቸው?» አለ።

አላባረሯቸውም። ቧንቧው በረዶ እንዳይዝ ተደረገ።

የመጀመሪያው ትውልድ ማሽን ከ2002 እስከ 2010 አዳምጦ አንድም ሞገድ አልያዘም። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ አልነበረም፤ የተሻሻለው ማሽን የቆመው በዚያ ትምህርት ላይ ነው። የስበት ሞገድ በመያዙ የ2017 የፊዚክስ ኖቤል ለላይጎ መሪ ሳይንቲስቶች ለሬይነር ዋይስ፣ ለባሪ ባሪሽና ለኪፕ ቶርን ተሰጠ፤ ይገባቸዋል። ረብሻ ሲያድኑ ያደሩት ሰዎች ታሪክም እንዲሁ ቢነገር እወዳለሁ።

ምክንያቱም የመጀመሪያው ሞገድ የመጣው በእነሱ ሰዓት ነው። መስከረም 14 ቀን 2015 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ በሃንፎርድ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፣ መደበኛው ምልከታ ገና አልተጀመረም ነበር። በሌላው ጣቢያ፣ በሉዊዚያናው ሊቪንግስተን፣ ባልደረቦቻቸው ማሽኑን በረብሻ ሲፈትኑ አምሽተው ካቆሙ አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላቸውም። ከ1.3 ቢሊዮን ዓመት በፊት የተዋሃዱ የሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሞገድ ሊቪንግስተን ደረሰ። ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ ለማነፃፀሪያ የሚሆን በቂ መረጃ እስኪሰበሰብ፣ የማሽኖቹን አቀማመጥ ማንም እንዳይነካካ ተባለ።