ጌጁ 22 ላይ የቆመ ዕለት

ዱባይ 6 ዓመት ኤሲ ስጠግን ኖሬ ስመለስ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ልቤ አብጦ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ ሆለታ አካባቢ ያለ የአበባ እርሻ ቀዝቃዛ ክፍል ሆነ። ኮምፕረሰሩን ቀየርን፣ ቱቦዎቹን በየድን። ጋዝ ከመሙላታችን በፊት የቀረን ቫኪዩም መሳብ፣ ማለትም በቱቦዎቹ ውስጥ ያለውን አየር በፓምፕ ማውጣት ነው። ፓምፑን ከግምጃ ቤት አስወጥቼ አሰርኩት።

የጌጁ፣ የግፊት መለኪያው፣ መርፌ ከዜሮ በታች ወረደና 22 ኢንች ላይ ቆመ። ዱባይ ሳለሁ 30ን ሊነካ ካልደረሰ ጋዝ ሞልቼ አላውቅም። አንድ ሰዓት ጠበቅኩ፣ 22። ሁለት ሰዓት፣ ያው 22። የፓምፑን ዘይት ቀየርኩ፣ ሆዞቹን ቀየርኩ፣ ናይትሮጅን ሞልቼ ብየዳውን ሁሉ በሳሙና አረፋ ፈተሽኩ። አንድም ቦታ አልነፈሰም። ሲመሽ ፈረድኩ፤ ጥፋተኛው ፓምፑ ነው። በጥቁር ማርከር ጀርባው ላይ «የተበላሸ» ብዬ ጻፍኩና ለግምጃ ቤቷ ኃላፊ መለስኩላቸው።

«እትዬ፣ እንዲህ ያለ ዕቃ ለሰው ይሰጣል?»

«ባለፈው ሳምንት እኮ ደህና ነበር» አሉ ቀስ ብለው። አልሰማኋቸውም።

በማግስቱ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ መካኒክ መጡ። ፓምፑን መልሰው አስገጠሙኝ፤ መርፌው ያው 22 ላይ ሄዶ ቆመ። ምንም ሳይሉ ሆዙን ከጌጁ ፈቱት።

«አሁን ስንት ይላል?»

«ዜሮ።»

«ታዲያ እዚህ አየር የለም ማለት ነው?»

ዝም አልኩ። አየሩን እየተነፈስኩት ምን ልበል?

«ይሄ ጌጅ የሚያውቀው የውጩንና የውስጡን ልዩነት ብቻ ነው» አሉ። «ዱባይ ባሕር ዳር ናት፤ የውጭው አየር 30 ኢንች ሜርኩሪ ያህል ይገፋል። እዚህ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነህ፤ ያለህ አየር በጠቅላላ 22 ኢንች ቢሆን ነው። ከሌለህ ላይ ምን ልታወጣ ነው?»

ከዚያ ከሻንጣቸው የማይክሮን መለኪያ አውጥተው ገጠሙ። እሱ ከውጭ አየር ጋር አያወዳድርም፤ ውስጥ የቀረውን ግፊት ነው የሚለካው። 500 ማይክሮን አለ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ። ፓምፑ ሥራውን ጨርሶ ቆሞ ነበር።

በኋላ ሳነብ ያገኘሁት ደግሞ አሳፈረኝም አጽናናኝም። ፓስካል የተባለ የፈረንሳይ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. 1648 ላይ የእህቱን ባል የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባል የፈረንሳይ ተራራ ላይ አስወጥቶታል። ሰውየው ከፍ ሲል ሜርኩሪው ዝቅ አለ። የእኔን ጥያቄ ያን ጊዜ መልሰውት ነበር።

ሻይ ላይ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። «ጋሼ፣ 500ውን አጥፍተን ጭራሹን ዜሮ ብናደርሰውስ? ያኔ ምንም የለም ማለት ነው?»

ፔርሙሱን ከፍተው ወደ ውስጥ እንዳይ ሰጡኝ። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ፤ ሆዱ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል። «ግድግዳው ድርብ ነው፣ መሀሉ አየር የለውም። ባዶው ሙቀት የማያሳልፍ ከሆነ ለምን በብር ቀቡት?»

አየር ተሸክሞት የሚሄደውን ሙቀት ቫኪዩሙ ያስቀረዋል። በጨረር የሚሄደው ግን ባዶውን እንደ ክፍት በር ያልፈዋል፤ ብሩ የተቀባው እሱን ለመመለስ ነው። ፀሐይስ በምን በኩል ነው የምታሞቀን?

ከዚያ ወዲህ የባዶ ነገር ሱስ ሆነብኝ። እኛ «ንጹሕ ቫኪዩም» የምንለው 500 ማይክሮን እንኳ በአንዲት ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ 16 ሺህ ትሪሊዮን ያህል ሞለኪውል አለበት። ከጋላክሲዎች ርቆ ያለው ሕዋ እንኳ በየኪዩቢክ ሴንቲ ሜትሩ ከጥንተ ፍጥረት የቀሩ 400 ያህል የብርሃን ቅንጣቶች ይመላለሱበታል። እነሱንም ብታወጣ እንደ ኤሌክትሪክና ማግኔት መስክ ያሉት፣ በቦታ ሁሉ የተዘረጉት መስኮች ይቀራሉ፤ የኳንተም ፊዚክስ ደግሞ መስክ ጭራሽ ጸጥ አይልም ይላል። ካሲሚር የተባለ የኔዘርላንድ ፊዚሲስት እ.ኤ.አ. 1948 ላይ፣ ኤሌክትሪክ ያልተሞሉ ሁለት የብረት ሳህኖች በባዶ ቦታ እጅግ ሲቀራረቡ እንደሚሳሳቡ አስልቶ ነበር። መሳሳቡ እ.ኤ.አ. 1997 ላይ በጥንቃቄ ተለካ፤ ስሌቱ ልክ ሆነ።

ይህን ይዘው «ከባዶ ቦታ ነጻ ኤሌክትሪክ» እያሉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ቪዲዮዎች አሉ። አትስጧቸው። ባዶው ውስጥ ያለው ኃይል የመጨረሻው ዝቅተኛ ደረጃ ነው፤ የሚወርድበት የሌለው ውኃ ወፍጮ አያዞርም።

ያን ቀን ከሻይ በኋላ ቤንዚን ውስጥ የተነከረ ጨርቅ ይዤ ግምጃ ቤት ገባሁ። እትዬ ቆመው ሲያዩኝ ፓምፑን ፈተግኩት፣ ፈተግኩት። «የተ» ለቀቀ። «በላሸ» ግን እስከ ዛሬ ጀርባው ላይ አለ፤ አዲስ ልጅ በመጣ ቁጥር እትዬ ጠርተው ያሳዩታል።