የሰው ቤት እየጠበቅኩ የቤት ዲዛይን የተማርኩበት ሥራ

በዚያ ቤት ውስጥ ያሉት መታጠቢያ ቤቶች ብዛት ከእኔ አፓርታማ ክፍሎች ይበልጣል። አንዱንም መጠቀም ግን ክልክል ነበር። ለበጎ ፈቃደኞች መጀመሪያ የተነገረን ሕግ ይሄ ነው። እንግዳ ሽንት ቤት ሲጠይቅ ፈገግ ብለን ግቢው ውስጥ ወደቆመው የፕላስቲክ መጸዳጃ እናመለክታለን። በእብነ በረድ ተለብጦ፣ ፎጣው ተጣጥፎ፣ አበባው ተቀምጦ ከሚታየው መታጠቢያ ቤት አጠገብ ቆሞ ይህን መናገር ትንሽ ያሳፍራል። ቆይቶ ይለመዳል።

ነገሩ «ሾው ሃውስ» ይባላል፤ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅ ቤት ባዶውን ይገኛል፤ ብዙ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበ ነው። ባለቤቱ ለጥቂት ወራት ያውሰዋል። እያንዳንዱ ክፍል ለአንድ ዲዛይነር ይሰጣል። ቀለሙን፣ መጋረጃውን፣ የቤት ዕቃውን፣ የሠራተኛውን ዋጋ ሁሉ ዲዛይነሩ ከኪሱ ወይም ከነጋዴዎች በሚያገኘው ድጋፍ ይሸፍናል። ሲያልቅ ቤቱ ለሕዝብ ይከፈታል፤ ሰው ቲኬት ቆርጦ ይጎበኛል፤ ገቢው ለበጎ አድራጎት ይሄዳል። ዲዛይነሩ ሥራውን ያስተዋውቃል፣ ባለቤቱ ቤቱ ያምርለታል፣ ድርጅቱ ገንዘብ ያገኛል። ከታወቁት አንዱ የኒው ዮርኩ ኪፕስ ቤይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው ብሮንክስ ውስጥ ያለ የልጆች ክበብ ለመደገፍ ነው። የካሊፎርኒያው የፓሳዲና ደግሞ በ1965 ጀምሯል፤ የእሱ ገንዘብ ለሙዚቃ ፕሮግራሞች ይውላል።

እኔ የሠራሁት እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ፣ በዲሲ ዲዛይን ሃውስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረ ሲሆን ገቢው ለችልድረንስ ናሽናል የሕፃናት ሆስፒታል ይውል ነበር። ልጃችን ጨቅላ ሳለች እዚያ ታክማለች። ስለዚህ የሥራ ባልደረባዬ «በጎ ፈቃደኛ ይፈልጋሉ» ስትለኝ ብዙ አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር ግን ሆስፒታሉ ብቻ አልነበረም የሳበኝ። እንደዚያ ያለ ቤት ውስጥ ገብቼ ማየት ፈልጌ ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን አፓርታማችንን ከተከራየን ጀምሮ ሳሎኑ አንድ ነገር እንደጎደለው ይሰማኛል፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።

ለመግባት የሚጠይቁት ብዙ አይደለም። ስም ይመዘገባል፣ ፈረቃ ይመረጣል፣ ጥቁር ልብስና ጠፍጣፋ ጫማ ይለበሳል። አንድ ክፍል ይሰጣችኋል፤ እዚያ ትቆማላችሁ። የዲዛይነሩን ወረቀት ታድላላችሁ፣ አልጋው ላይ ሊቀመጥ ያሰበውን ሰው በትህትና ታስነሳላችሁ፣ ትንንሽ ዕቃ ቦርሳ ውስጥ እንዳይገባ ዓይናችሁን ትጥላላችሁ። አዎ፣ ቲኬት የቆረጠ ሰውም የሻማ ማስቀመጫ ያምረዋል።

ለእኔ የደረሰችኝ ክፍል ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ የንባብ ክፍል ናት። ስመደብ ቅር አለኝ። ሁሉም የሚፈልገው ወጥ ቤቱን ወይም ትልቁን ሳሎን ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ መስኮቷ አንድ ብቻ ነው፣ ግድግዳውም በሩም ኮርኒሱም አንድ ዓይነት ጥቁር ሰማያዊ ተቀብቷል። ጠዋት ስገባ ጨለማ መሰለችኝ። «ማን ነው ጠባብ ክፍል እንዲህ የሚቀባው?» አልኩ በልቤ። እኛ ዘንድ ጠባብ ክፍል ነጭ ነው የሚቀባው፤ ሰፋ እንዲል።

ጎብኚው ግን ሳሎኑን ሦስት ደቂቃ አይቶ ያልፍና እዚህች ክፍል ሲደርስ ይቆማል። ድምፁን ይቀንሳል። ወንበሩ ላይ ለመቀመጥ ያቆበቁባል። ሥራዬ ማስነሳት ስለሆነ ሰው የት መቀመጥ እንደሚፈልግ ከማንም በላይ አውቅ ነበር። ትልቁ ሳሎን ያሉት ነጫጭ ሶፋዎች ላይ የሚቀመጥ እምብዛም እንዳልነበረ እዚያ የተመደበችው ነግራኛለች።

ከዚያ ብርሃኑን ማየት ጀመርኩ። መስኮቷ ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ቀለሙ ቀዝቃዛና ድፍን ነበር። ከሰዓት በኋላ ወደ አስር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ስትገባ ያው ግድግዳ ሞቅ አለ፤ ሐምራዊ የሚመስል ነገር ወጣበት። አመሻሽ ላይ መብራቶቹ ብቻ ሲቀሩ ደግሞ ማዕዘኖቹ ጠፉ፤ ክፍሉ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። ጥቁሩ ቀለም ያላጠበባት ለዚህ ነው። ኮርኒሱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ዓይን የሚቆምበት መስመር አያገኝም። ለሃያ ደቂቃ የሚመጣ ጎብኚ ይህን አያይም። ቲኬት ከመቁረጥ ይልቅ ቆሞ መዋል የሚሻለው በዚህ ነው።

አንድ ቀን ዲዛይነሯ አበባ ልትቀይር መጣች። ክፍሉ ባዶ ነበርና ጥያቄ አበዛሁባት። በኮርኒሱ ላይ ያለው መብራት መጥፋቱን አስተውዬ «ተበላሽቶ ነው?» አልኳት። ሳቀች። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ አልበራም። ክፍሏን የሚያበሩት ዝቅ ያሉ መብራቶች ናቸው፦ አንዱ ጠረጴዛ ላይ፣ አንዱ ወለል ላይ የቆመ፣ አንዱ መደርደሪያው ውስጥ የተደበቀ። አምፖሎቹ ሁሉ 2,700 ኬልቪን ናቸው፤ ማለትም ወደ ቢጫ የሚያደላው ሞቃት ብርሃን። ቁጥሩ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ወደ 4,000 እና 5,000 ሲወጣ ነጭና ሰማያዊ ይሆናል። ቤቴ ስደርስ አምፖሎቹን ፈትቼ አየሁ፤ ሁሉም 5,000። ሳሎናችን የሱፐርማርኬት መብራት ነበር የበራበት። የጎደለው ነገር ግማሹ ይሄው ነበር፤ ለማስተካከል ከሃያ ዶላር ብዙም አልወጣም።

ሌላም አሳየችኝ። የመጋረጃው ጫፍ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል፤ ለመስፋት ጊዜ አልነበረም። መጻሕፍቱ በቀለማቸው ተመርጠው በጅምላ የተገዙ ናቸው። ወንበሩን ብትገለብጡት የሱቁ ወረቀት ተለጥፎበታል፤ የውሰት ነው። ቴሌቪዥን የለም፣ የስልክ ቻርጀር የለም፣ በር ላይ የተከመረ ጫማ የለም። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው የለም። ይህን ማየቴ ጠቅሞኛል። ክፍሉን እንዳለ ልገልብጥ ብል ኖሮ ገንዘቤንም ትዳሬንም እጨርስ ነበር።

ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ «ምን ያምራል» ማለቱን ትቼ «ምን ስለሆነ ነው የሚያምረው» ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ቤቱ ከመከፈቱ በፊት ለበጎ ፈቃደኞች መዘዋወር ይፈቀዳል፤ በኪሴ የስፌት ሜትር ይዤ ነበር። የመጋረጃ ዘንጎቹ ከመስኮቱ ጫፍ በላይ፣ ኮርኒሱ አጠገብ ነው የተሰቀሉት፤ በግራና በቀኝም ከመስኮቱ ያልፋሉ። ጨርቁ ወለል ይነካል። መስኮቱ ትልቅ የሚመስለው በዚህ ነው። ምንጣፎቹ ቢያንስ የሶፋውን የፊት እግሮች ያስገባሉ። የእኛ ምንጣፍ ግን ጠረጴዛው ሥር ብቻዋን ኩርምት ብላ ነበር። ሥዕሎቹ ደግሞ መሐላቸው ከወለሉ 145 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሙዚየሞችም በዚሁ አካባቢ ይሰቅላሉ፤ የቆመ ሰው ዓይን ስለሚያርፍበት። እኛ የሠርግና የምረቃ ፎቶ ኮርኒስ ሥር ሰቅለን፣ ወደ ፊት አዘንብለን፣ እንግዳው አንገቱን ቀና አድርጎ እንዲያይ እናደርጋለን። ምክንያቱን እስካሁን የነገረኝ የለም።

ቤቴን መቀየር ስጀምር ሁሉን በአንዴ አልነካሁም። መጀመሪያ አምፖሎቹ፣ ቀጥሎ ፎቶዎቹ፣ ከዚያ የመጋረጃው ዘንግ። እነዚህ ሦስቱ ብዙ ወጪ የላቸውም። መጋረጃ ከኮሌጅ ፓርኩ አይኪያ ገዛሁ፤ ረጅሙን መርጬ ትርፉን አስቆረጥኩ። ምንጣፉን ከፌስቡክ ማርኬትፕሌስ፣ የእንጨት መደርደሪያውን ኤድመንስተን ካለው ኮሚዩኒቲ ፎርክሊፍት አገኘሁ፤ አሮጌ የቤት ዕቃና የግንባታ ዕቃ የሚሸጥ ግቢ ነው፣ ለማየትም ደስ ይላል። ቀለም ለመቀባት አከራዩ ስንወጣ ወደ ነጭ እንድንመልሰው በጽሑፍ አስፈርሞ ፈቀደልን። ቀጥታ ግድግዳ ላይ አልሞከርኩም። ትልቅ ካርቶን ቀብቼ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እያዘዋወርኩ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አየሁት። ሱቅ ውስጥ የወደድኩት አረንጓዴ ሳሎናችን ውስጥ ማታ ጭቃ መሰለ፤ ሁለተኛ የመረጥነውን ቀለም ወሰድን።

ትልቁ ክርክር የሶፋው ነበር። እዚያ ቤት አንድም ሶፋ ግድግዳ አልተደገፈም። ወደ መሐል ገብተው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ እያንዳንዱ መቀመጫ አጠገብ ስኒ የሚያስቀምጥ ነገር አለ። እኔም እንዲያ አደረግኩ። በዚያው ሰሞን እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ነበርና ገና ከበሩ ሳትገባ ቆመች።

«ልጄ፣ ቤት እየቀየራችሁ ነው እንዴ?»

«አይ እማዬ፣ አስተካክለነው ነው።»

«እና እንግዳ ሲመጣ የት ይቀመጣል?»

ልክ ነበረች። የእኛ ሶፋዎች ግድግዳውን ተከትለው የሚደረደሩት ባለማወቅ አይደለም። ማኅበር አለ፣ ክርስትና አለ፣ ልቅሶ አለ። ሃያ ሰው ድንገት ሲመጣ መሐሉ ባዶ መሆን አለበት። የሐረር ቤት ያየ ሰው ደግሞ ይህን የበለጠ ይረዳዋል። እዚያ መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ከፍ ያለ መደብ ነው፤ በዕድሜና በክብር ደረጃ ይቀመጡበታል። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ይሸፈናል። ማንም ዲዛይነር ሳይመጣ፣ ሥራና ጌጥ አንድ ላይ የተገኙበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ያደገ ሰው ፓሪስ ላይ የታተመ መጽሔት ባያነብ ቅር አይለውም።

ስለዚህ ታረቅን። ትልቁ ሶፋ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ሁለቱ ወንበሮች መሐል ቀሩ፤ ቀላል ስለሆኑ ሰው ሲበዛ ይነሳሉ። የጅማ በርጩማዎች ገዛን፤ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈሉት ባለ ሦስት እግሮቹን። በአዘቦት ቀን መደርደሪያው ሥር ይገባሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ይወጣሉ። የዲዛይነሮቹን ሐሳብ ወስጄ ያልተውኩት፣ እያንዳንዱ መቀመጫ አጠገብ የስኒ ቦታ መኖሩን ነው። ልጆች ሲሮጡ ወለል ላይ የሚደፋው ቡና ቀንሷል።

ከሁሉ የምወደው ግን የቡና ጥጉ ነው። በሾው ሃውሱ አንድ ዲዛይነር ለመጠጥ ብቻ የተለየ ጥግ ሠርቶ ነበር፤ ብርጭቆው፣ ጠርሙሱ፣ ትንሿ መብራት ሁሉ በቦታቸው። እኔ መጠጡን ትቼ ሐሳቡን ወሰድኩ። እኛ ቤት ረከቦት ከአልጋ ሥር ይወጣል፣ ጀበና ከወጥ ቤት ቁም ሳጥን፣ ማጨሻው ከየት እንደሆነ ይፈለጋል። አሁን ሁሉም መስኮቱ አጠገብ አንድ መደርደሪያ ላይ ናቸው፣ ከላያቸው ዝቅ ያለ መብራት አለ። መስኮቱ የተመረጠው ለውበት አይደለም። ቡና ስንቆላ የጭስ ማንቂያው እየጮኸ ጎረቤት ያስደነግጥ ነበር። እማዬ ሶፋውን ብትተችም ጥጉን አይታ፣ «ይቺስ ደህና ናት» ብላለች፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ልትሞክሩት ለምታስቡ፦ ሾው ሃውስ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች በየወቅቱ ይዘጋጃል፤ አትላንታም ሳን ፍራንሲስኮም አለ። በጎ ፈቃደኛ ከጠየቁ ቅዳሜን አትምረጡ፤ ግፊያ ነው፣ ክፍሉን አታዩትም። የሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ፈረቃ ይሻላል፤ ብርሃኑ ሲቀየር ታያላችሁ፣ ዲዛይነሮቹም ብቅ የሚሉት ያኔ ነው። ትንሽ ክፍል ቢደርሳችሁ አትከፉ። የመጨረሻውን ቀን ደግሞ አትለፉት፤ ዕቃው ወደ መጋዘን ከመመለሱ በፊት አንዳንዱ በቅናሽ ይሸጣል። እኔ ከዚያች ክፍል የጠረጴዛ መብራቷን ይዤ ወጣሁ። ባሌ ዋጋውን ሲሰማ «በቅናሽ ነው ያልሽው?» ብሎኛል።