ብርሃኑ ዘሪሁንን ፍለጋ፦ ከለገሀር እስከ ስድስት ኪሎ

ከጎንደር አዲስ አበባ የመጣሁት የብርሃኑ ዘሪሁንን ታሪክ ነክ ልብ ወለዶች አሟልቼ ለመመለስ ነው። ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የጻፋቸው «የቴዎድሮስ ዕንባ» እና «የታንጉት ምስጢር» አሉ፤ የ1966ቱን አብዮት የሚተርከው ባለ ሦስት ቅጹ «ማዕበል» ደግሞ «የአብዮት ዋዜማ»፣ «የአብዮት መባቻ» እና «የአብዮት ማግስት» ተብሎ ይከፈላል። ብርሃኑ ከነዚህ ሌላ ብዙ ልብ ወለድና ቴአትር ጽፏል፤ ለኔ ግን ትልቁ ሥራው ይህ ነው። የጎንደር ልጅ ሆኖ ሳለ መጻሕፍቱ ጎንደር ላይ እንዲህ መጥፋታቸው ያንገበግበኛል።

ለገሀር አጠገብ ያደርኩበት ፔንሲዮን 1,200 ብር ተቀብሎኝ ሌሊቱን ሙሉ ከምድር ቤቱ ጭፈራ ጋር አሳደረኝ። ሙዚቃው ያቆመው ወደ አሥር ሰዓት ግድም ነው፤ ወዲያው ደግሞ የቅዳሴው ድምፅ ማጉያ ተከተለ። እኛ ጋ በዚህ ብር ንጹሕ አልጋ፣ ጸጥታና የጠዋት ቡና ይገኛል።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ብሔራዊ ቴአትር አቀናሁ። ድሮ አስፋልት ዳር ሸራ ዘርግተው የሚሸጡት አሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች አብዛኞቹ ተነሥተዋል። የቀሩት በየሕንፃው ምድር ቤትና በየደረጃው ሥር ገብተዋል፤ ስለዚህ ዓይቶ ማግኘት አይቻልም፣ እየጠየቁ መሄድ ነው። ስትጠይቁ የመጽሐፉን ስም ብቻ አትጥሩ። «ማዕበል አለ?» ካላችሁ የሚወጣላችሁ የትኛውም ቅጽ ነው፤ ሦስቱ ቅጾች በየተራ ስለወጡ ተነጣጥለው ነው የሚሸጡት፣ ሽፋኑ ከተቀደደ ደግሞ የትኛው ቅጽ እንደሆነ የሚነግራችሁ የውስጡ ርእስ ገጽ ብቻ ነው። «መባቻውን ነው የምፈልገው» ብላችሁ ለዩ።

አንዱ ነጋዴ የፈለግሁትን «የአብዮት መባቻ» ከካርቶን ሥር አወጣ። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ከገበያ ከጠፋ ቆየ» ብሎ 1,500 ብር ጠራ። አሮጌ የአማርኛ መጽሐፍ ሲገዛ ዋጋ ከመከራከር በፊት መቁጠር ይቀድማል። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት በሁለቱም ፊት አትሞ ያጥፈዋል፤ አንዱ እጥፋት አብዛኛውን ጊዜ 16 ገጽ ይወጣዋል። እጥፋቶቹ ተደራርበው በኮላ ወይም በሽቦ ይያዛሉ። ኮላው ሲደርቅ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው አንድ ቅጠል ሳይሆን ሙሉ እጥፋት ነው። ስለዚህ ከገጽ 16 ወደ 17፣ ከ32 ወደ 33፣ ከ48 ወደ 49 እያላችሁ መገጣጠሚያዎቹን ብቻ ብታዩ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ይኸኛው 80 ላይ ሲደርስ ቀጥሎ 97 መጣ። ከ81 እስከ 96 ያለው አንድ እጥፋት የለም፤ የጀርባው ውስጥ ቢጫ የኮላ ፍርፋሪ ብቻ ቀርቷል፣ ሽቦው በነበረበትም ሁለት የዝገት ነጥብ ወረቀቱን በልቶታል።

ነጋዴው አላወቀም ነበር፤ ፊቱ ላይ ድንጋጤው ይታያል። አጠገባችን ጋዜጣ ያገላብጡ የነበሩ አንድ አዛውንት «ልጄ፣ እንደ ጎደለ ውሰደው፤ የጎደለውን ስድስት ኪሎ ገብተህ ታነበዋለህ» አሉኝ። በ400 ብር ተስማማን። አዛውንቱ ተነሥተው ሌላ ሻጭ ዘንድ ወሰዱኝና «ዋዜማው»ን ደኅና ሆኖ አገኘሁት። ስማቸውን ለመጠየቅ ፋታም አልሰጡኝ፣ «በል ሥራህን ሥራ» ብለው ሄዱ።

በፎቶ ኮፒ የተባዛም አጋጥሞኛል። ይህንን መለየት ቀላል ነው፦ የፊደሉ ጠርዝ ያበጠ ነው፣ ከጽሑፉ ኋላ ግራጫ ጥላ አለ፣ መስመሮቹ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ ናቸው፣ ወረቀቱም ከዘመኑ ጋር የማይሄድ ነጭ ነው። በተለይ ዓይን የምትጣልባት የዐይኑ ዐ ናት፤ ውስጧ ተደፍኖ ጥቁር ነጥብ ትሆናለች። ብርሃኑ ያረፈው በ1979 ዓ.ም. ነው፤ በአገራችን ሕግ የደራሲ መብት ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሚዘልቅ ባለመብቶቹ ወራሾቹ ናቸው። እንዲህ ያለውን አልገዛሁም፤ እናንተም ባትገዙ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ቸርችልን ሽቅብ ወጣሁ። ትግላችን ሐውልትንና ጥቁር አንበሳን አልፌ በቀጥታ ቴዎድሮስ አደባባይ ደረስኩ። ጎንደር ፒያሳ የቆመው ሰውየው ራሱ ነው፤ አዲስ አበባ ግን መድፉን ነው ያቆመችው። የሴባስቶፖል አምሳያ ነው፤ አፉ ሰፊ፣ አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ወፍራም። ዋናው፣ ጋፋት ላይ በሚሲዮናውያኑ እጅ ቀልጦ የተሠራው፣ ክብደቱ 7 ቶን ገደማ ሲሆን ዛሬም መቅደላ ነው። ከደብረ ታቦር ወገን መቅደላ ድረስ በሰው ጉልበት፣ ገደል እየተናደለት፣ ለወራት ተጎተተ። ይህን የምለው ለንባቡ ስለሚጠቅም ነው፦ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን የያዘ ሰው አምሳያው ሥር ቆሞ ብረቱን በዓይኑ ቢለካ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ንጉሥ ምን ዓይነት ክብደት እየጎተተ እንደነበር ይገባዋል።

መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ቴዎድሮስ የዚያ ትውልድ ንጉሥ ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ አቤ ጉበኛም «አንድ ለናቱ» ብሎ ጽፎለታል። ሁለቱን አከታትሎ ማንበብ ይመከራል። ብርሃኑ የ«አዲስ ዘመን» ዋና አዘጋጅ የነበረ ጋዜጠኛ ነው፣ ዐረፍተ ነገሩ አጭር ነው፣ አያጌጥም፣ ነገሩን ነግሮ ይቀጥላል። በዚያ ዘመን የነበረውን ረጅምና ዜማ የበዛበት አጻጻፍ የለመደ ሰው መጀመሪያ ይደርቅበት ይሆናል። እኔ ግን ቴዎድሮስን ያህል ሰው በዚህ አጭር ዐረፍተ ነገር መያዙን እንደ ትልቅ ችሎታ ነው የማየው፤ «ዋዜማው» ውስጥ የወሎን ረኀብ ሲጽፍም ያዳነው ይኸው አጻጻፉ ነው።

ፒያሳ የማውቀው ፒያሳ አይደለም፤ አላቆየኝም። አራት ኪሎ ድረስ በእግሬ፣ ከዚያ ስድስት ኪሎ በታክሲ።

የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን የሚገኘው በዩኒቨርሲቲው ዋና ግቢ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። መታወቂያ ያዙ፣ እስክሪብቶ ሳይሆን እርሳስ ያዙ። ካታሎግ ስትፈልጉ «ብርሃኑ» በሚለው ጀምሩ፤ የኢትዮጵያ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ነው። የውጭ አገር ካታሎጎች ግን አንዳንዴ ገልብጠው በአባቱ ስም ያስቀምጡታል። «ዕንባ»ን በዐይኑም በአልፋውም፣ «ማዕበል»ንም «ማእበል» ብላችሁ ሞክሩ። ዓመተ ምሕረቱም ያሳስታል፦ እኛ 1958 የምንለውን ሌላው 1965 ወይም 1966 ብሎ ይጽፈዋል፣ መጽሐፉ ግን ያው አንድ ነው። ከ81 እስከ 96 ያለውን አንብቤ፣ ዋና ዋናውን በእርሳስ ገልብጬ ስጨርስ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር። ሠራተኛዋ መጽሐፉን በሁለት እጇ አቅርባ፣ ጀርባው እንዳይሰበር ከሥሩ ትራስ አድርጋ ነው የሰጠችኝ፤ ይህ አያያዝ ልቤን ነካው።

«የታንጉት ምስጢር»ን በመጨረሻ አራት ኪሎ አግኝቻለሁ፣ ብል ጀምሮታል። እንዲህ ያለውን በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ አየር እንዳይገባው አሽጉና ሁለት ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት፤ ስታወጡት በረዶው ለቆ ወረቀቱ የቤቱን ሙቀት እስኪይዝ ፕላስቲኩን አትክፈቱ፣ አለዚያ እርጥበት ይገባዋል። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉ፤ ሙጫው ከጥቂት ዓመት በኋላ ቢጫ ሆኖ ፊደሉን ይበላል።

ያላገኘሁት «የአብዮት ማግስት»ን ብቻ ነው። «መባቻውን» የሸጠልኝ ነጋዴ «ከተገኘ በአውቶቡስ እልክልሃለሁ» ብሎ ስልክ ቁጥሬን ይዟል። ከመክፈሌ በፊት በቴሌግራም የርእሱን ገጽ፣ የመጨረሻውን ገጽና የእጥፋቶቹን መገጣጠሚያዎች ፎቶ አንሥቶ እንዲያሳየኝ ተስማምተናል።