በሐምሌ ዝይ ፍለጋ

የምኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ወፍ መመልከት የጀመርኩት ሐኪሜ በየቀኑ በእግሬ እንድጓዝ ስላዘዘኝና ያለ ምክንያት ሲንጎራደድ የሚታይ ሰው መሆን ስላሳፈረኝ ነበር። አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ገዛሁና በመጀመሪያው ቅዳሜ ከቤቴ ብዙም ወደማይርቀው ሜሰን ኔክ የዱር እንስሳት መጠለያ አቀናሁ። ይህ በፖቶማክ ወንዝ ዳር የሚገኝ ጫካና ረግረግ በ1969 ሲከለል፣ ራሰ ነጭ ንስርን ለመጠበቅ ሲባል የተቋቋመ የመጀመሪያው የፌዴራል መጠለያ ነበር። በዚያ ዘመን ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ የንስሩን እንቁላል ቅርፊት ስላሳሳው፣ ወፏ ስትታቀፈው ይሰበርባት ነበር።

ንስር አላየሁም። ነገር ግን ከረግረጉ ማዶ ታላቁ ሰማያዊ ሄሮን የሚባለው፣ ቁመቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ወፍ አንገቱን ቀልሶ ቆሟል። ዓሣ ሲያደባ ለረጅም ጊዜ እንደማይነቃነቅ አንብቤ ስለነበር እኔም ትንፋሼን ውጬ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምኩ፤ አሥራ አራት ፎቶግራፍ አነሳሁ፤ የተሻለውንም አዲስ አበባ ላለችው እህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። «ሲያምር! ደግሞ ትዕግሥቱ!» ስትል መለሰችልኝ።

በዚህ መካከል አንዲት ሽበታም ሴትዮ አጠገቤ ደርሰው ምን እንደማይ ጠየቁኝ፤ አሳየኋቸው። በራሳቸው መነጽር ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ እጅግ በታረመ አነጋገር፣ ጉቶ መሆኑን ነገሩኝ። ቀጥለውም ከግራዬ አምስት እርምጃ ያህል ርቆ ወደቆመው፣ እኔ ደረቅ ቅርንጫፍ መስሎኝ ቦርሳዬን ላንጠለጥልበት አስቤ ወደነበረው ነገር ጠቆሙኝ። ቅርንጫፉ ዐይን ነበረው፤ ቢጫ ዐይን። ዞር ስል የዛገ የቆርቆሮ በር ሲከፈት የሚሰማውን የመሰለ ጩኸት ለቅቆ፣ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ክንፉን በአናቴ ላይ ዘርግቶ ሲነሣ፣ እኔ ወደኋላ ስሸሽ አንድ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ።

ክብሬን ለማስመለስ ወደ ባሕር መሄድ ነበረብኝ። በቨርጂኒያ ጠረፍ፣ አብዛኛው ክፍሉ በአሳቲግ ደሴት ላይ ያረፈው የቺንኮቲግ መጠለያ በ1943 የተቋቋመው በተለይ ለነጭ ዝይዎች ሲባል መሆኑን አነበብኩና፣ ከጎጃም ለጥየቃ የመጡትን አማቴን «እማማ፣ ሰማዩን የሚሸፍን ዝይ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ጣና ዳር ያደግሁ ሴት ወፍ ለማየት መኪና ልሳፈር?» ቢሉም፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አዋዜ የተቀባ ጥቅል እንጀራ በፌስታል ቋጥረው ተነሡ።

ከሦስት ሰዓት በላይ ነድተን ደረስን። ስለ ዝይዎቹ ስጠይቃት ሠራተኛዋ መጀመሪያ የግድግዳውን የቀን መቁጠሪያ፣ ከዚያም እኔን አየች። ወሩ ሐምሌ ነበር፤ ነጭ ዝይ ደግሞ በዚህ ጊዜ አርክቲክ ውስጥ ጫጩቱን ያሳድጋል፤ ወደዚህ የሚመለሰው በጥቅምትና በኅዳር ነው። አማቴ ምን እንዳለች ጠየቁኝ።

«ትንሽ ይዘገያሉ አለች።»

«ምን ያህል?»

«አራት ወር።»

ከዚያ በኋላ ቢንቢው ለሁለታችንም በልግስና አቀባበል ያደረገልን መሆኑን ብቻ ጠቅሼ አልፋለሁ። ምሳችንን የዘረጋነው አሸዋው ላይ ነበር። ገና አንድ ጊዜ እንደጎረስኩ፣ ጥቁር ቆብ የደፋ የሚመስል የባሕር ወፍ ከኋላዬ መጥቶ ጥቅሉን ከነአዋዜው ከእጄ መነተፈ። ፈረንጆቹ ይህን ወፍ በድምፁ ምክንያት «ሳቂው» ይሉታል፤ በእርግጥም ሃ-ሃ-ሃ ሲባል ሰማሁ፤ እሱ አፉ ስለተያዘ ጓደኞቹ ነበሩ የሳቁለት። የዱር እንስሳትን መመገብ ክልክል መሆኑን አውቅ ስለነበር በድንጋጤ ዙሪያዬን ስቃኝ፣ አማቴ «አንተ መች አበላኸው? ራሱ ነው የበላ» ብለው አጽናኑኝ። ከዚያም ነጠላቸውን ከአሸዋው እያራገፉ «በል፣ ወፉንም አየን፤ እንሂድ» አሉ።

ትናንት እህቴ ደውላ፣ ያ ትዕግሥተኛ ወፍ አሁንም እዚያው እንዳለ ጠየቀችኝ። ባለፈው ቅዳሜ በዚያ ሳልፍ እንዳየሁትና ንቅንቅ እንዳላለ በሙሉ እርግጠኝነት ነገርኳት።