ዛሬ ደም ስሰጥ የተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች

ዛሬ ደም ባንክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። ነርሷ መርፌውን ከማንሳቷ በፊት ብዙ ጠየቀችኝ፦ ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቶሽ ያውቃል? በቅርቡ ጥርስ ተነቅለሻል? ተነቅሰሻል? ቀዶ ሕክምና ነበረሽ? አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት «ይሄ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርጋል፣ ደሙ ይመረመር የለ?» አለ። እሷም ሳትሰለች አስረዳችው።

ደማችን ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ እንዲሁም ለቂጥኝ ይመረመራል። ሄፓታይተስ ሲ ጉበትን የሚጎዳ፣ በደም የሚተላለፍ ቫይረስ ነው፤ በቅርቡ የተያዘ ሰው ግን ሰውነቱ ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ፀረ እንግዳ አካል በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ያኔ ደሙን የሚጠብቀው የለጋሹ እውነተኛ መልስ ነው። ለወለደች እናት፣ ለአደጋ ተጎጂ የሚሄድ ደም እኮ ነው!

እኔን ያሳሰበኝ የቤታችን ጉዳይ ነው። በአንድ ምላጭ የሚላጩ ወንድማማቾች፣ እንጥል ማስቆረጥ፣ ሰፈር ውስጥ የሚወጋ መርፌ፣ ንጽሕናው ያልተጠበቀ ንቅሳት፤ እነዚህ ሁሉ ቫይረሱን ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አብሮ በመብላት ወይም በመጨባበጥ ግን አይተላለፍም፤ የታመመን ሰው ማግለል ግፍ ነው።

ቫይረሱ የታወቀው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። እስከ ዛሬ ክትባት የለውም። ጉበትን ለዓመታት ያለ ምንም ምልክት ይጎዳል። ደስ የሚለው፣ አሁን ከ8 እስከ 12 ሳምንት በሚዋጥ ኪኒን ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆኑት ይድናሉ።

«ደም ልስጥና በዚያው ራሴን ልወቅ» የምትሉ፣ እባካችሁ ለምርመራ ሐኪም ቤት ሂዱ።