ቴስተሩ ዜሮ ሲያሳይ

ሰሞኑን ጠረጴዛዬ ላይ የሰነበተው የወርቅ ዲቴክተር ባትሪ ነው። ባለቤቶቹ የኮምቦልቻ ልጆች ናቸው፤ ማሽኑን አዋጥተው በጋራ ነው የገዙት። ክረምቱን ማሽኑ ቤት ተቀመጠ፣ ባትሪውም እንዳለቀ አብሮ ተቀመጠ። አሁን መንገዱ ደርቆ ወርቅ ፍለጋ ወደ አሶሳ ሊነሱ ሲሉ ቻርጀሩ ላይ ቢሰኩት ቀይም የለ አረንጓዴም የለ። አንደኛው ልጅ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ድረስ ይዞልኝ መጣ።

«ጋሼ፣ ሞቷል ብለውናል» አለኝ።

ቴስተሬን ጫፉ ላይ ሳሳርፍ እውነትም ዜሮ ነው። ግን ይሄ ዜሮ ብዙ ሰው አሳስቷል። የባትሪው እሽግ ውስጥ ሴሎቹን የምትጠብቅ፣ ቢኤምኤስ የምንላት ትንሽ ቦርድ አለች። ሴሎቹ ከልክ በታች ሲወርዱ መስመሩን ትቆርጠዋለች። ከዚያ በኋላ ወደ ውጭ ምንም አይወጣም፣ ቻርጀሩም ባትሪ መኖሩን አያይም። ስለዚህ እሽጉን ሳልከፍት ሞቷል አልልም፣ ማንም እንዲልም አልወድም። የአንድ ቡድን የዓመት ሥራ እኮ ነው በዚህች ነገር ላይ የተንጠለጠለው።

ስከፍተው 18650 የሚባሉ አራት ድቡልቡል የሊቲየም ሴሎች አገኘሁ። ሁለት ሁለቱ ጎን ለጎን ታስረው፣ ጥንዶቹ ደግሞ በተከታታይ ተያይዘዋል፤ 7.4 ቮልት የሚባለው ከዚህ ነው የሚመጣው። አንደኛው ጥንድ 2.4 አነበበ፣ ሌላኛው 2.0። ጤነኛ ሴል ሲሞላ 4.2 ነው፣ ሲያልቅ ደግሞ ከ2.5 በታች ባይወርድ ይመረጣል።

«ከመኪና ባትሪ ጋር ነካ ብታደርገው አይነሳም? ሲያደርጉት አይቻለሁ።»

ይነሳል፣ አልዋሸም። ቻርጀሩም ወዲያው ያነበዋል። እኔ ግን አላደርገውም፣ ምክንያቱንም ቁጭ ብለን አወራን። የመኪና ባትሪ የሚለቀው ከረንት ልክ የለውም፤ የተዳከመ ሴል ላይ ያንን በአንዴ መልቀቅ እሳት መጥራት ነው። ሌላው ከውስጥ ያለው ጣጣ ነው። የሊቲየም ሴል በጣም ወርዶ ብዙ ሲቆይ፣ ኔጌቲቩ የተለጠፈበት ስስ የመዳብ ወረቀት መሟሟት ይጀምራል። መልሰህ ስትሞላው የሟሟው መዳብ ያልሆነ ቦታ ላይ ይጋገራል፣ ውስጥ ለውስጥም ሾርት ሊያደርግ ይችላል። ከውጭ ምንም አይታይም። ሴሉ ነቅቷል፣ ቻርጅ ይዟል፣ ግን አልዳነም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው፤ አሶሳ በረሃ ውስጥ ኪስ ወይ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ የሚግለው እሱ ነው።

ስለዚህ በቀስታ ሄድኩ። እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻው ፓወር ሰፕላይ ላይ አድርጌ 100 ሚሊ አምፔር ብቻ ሰጠሁት፤ 3.0 እስኪደርስ ከዚያ አልጨመርኩም። በመሀል በመሀል የእጄን ጀርባ ሴሉ ላይ አሳርፋለሁ። ከሞቀ ወይም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ከመጣ ወዲያው ይቆማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሽቦውን ቶሎ አላቅቃለሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ፓወር ሰፕላይ ሲጠፋ ከባትሪው መልሶ ይጠጣል። 3.0 ካለፉ በኋላ ከረንቱን ጨመር አድርጌ ሁለቱንም እስከ 4.2 ሞላኋቸው።

ልጁ በዚያው ሊወስደው ፈልጎ ነበር፣ መኪና እየጠበቀው። እኔ ግን ሴሎቹን ነቅዬ አሳደርኳቸው። በሥራው ውስጥ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ሰው ሁሉ የሚቸኩለውም እዚሁ ላይ ነው።

ጠዋት የመጀመሪያው ጥንድ 4.17 ላይ ነበር። ሁለተኛው 3.8 ገብቷል። ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ ይህን ያህል ከጣለ ቻርጁ ውስጥ ለውስጥ እያለቀ ነው። ልጁ ስልክ ላይ ስነግረው ዝም አለ። «ለዚህ ጉዞ ብቻ ቢሆንስ ጋሼ?» አለኝ ቆይቶ። አብሽር፣ መላ አናጣም አልኩት፣ ግን ያንን ጥንድ መልሼ አልገጥምም።

አዲስ ሴል ገዝቶ ከአሮጌው ጋር ማጋባትም አልወደድኩም። ደካማው ቀድሞ ያልቅና ቦርዷ መላውን እሽግ ትዘጋዋለች። ከላፕቶፕ ባትሪ ካወጣኋቸው መሀል ከዳነው ጥንድ ጋር በአቅም የሚቀራረቡ ሁለት ፈልጌ፣ ሞልቼም አራግፌም ለክቼ፣ እነሱን ገጠምኩ። የወጡትን ጫፋቸውን በፕላስተር ሸፍኜ አሸዋ ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣሉም።

ልጁ ሲመጣ ማሽኑን ይዘን ወደ ውጭ ወጣን፤ ሱቄ ብረት በብረት ስለሆነ እዚያ ዝም አይልም። ባለ አንድ ብር ሳንቲም መሬት ላይ ጥዬ ኮይሉን፣ የማሽኑን መፈለጊያ ጫፍ፣ ሳሳልፍበት ጥርት ብሎ ጮኸ። የልጁ ፊት ሲበራ ድካሜ ሁሉ ለቀቀኝ።

የአስቀማመጡን ነገር ደጋግሜ ነገርኩት። ሴል በራሱም ይቀንሳል፣ ቦርዷም ጥቂት ጥቂት ትበላለች፣ ስለዚህ ባዶውን አይቀመጥም። ሙሉውንም አይቀመጥም። ግማሽ ላይ፣ ለዚህ እሽግ 7.6 ቮልት አካባቢ፣ ከዚያ በየወሩ አንዴ መለካት። ሙቀትም ያስረጀዋል፤ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሥር ከሚከርም ደሴ ብርዱ ላይ፣ ከ2,400 ሜትር በላይ፣ እኔ ጋ ቢከርም ይሻለዋል። ማርከር አንስቼ «ለክረምት 7.6» ብዬ እሽጉ ላይ ጻፍኩለት፣ የጓደኞቹንም ባትሪ ከመንገድ በፊት እንዲያመጣልኝ አደራ አልኩት።