ሙሉ ታክሲ ሐኪም

አዲስ አበባ ውስጥ ነፍሰ ጡር ሆኖ ሐኪም ማጣት አይታሰብም። ባለሱቁ ሐኪም ነው። የሕንፃው ጥበቃ ሐኪም ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ስፔሻሊስት ይሆናል፤ ያውም የብርድ። «ሆድሽን ሸፈን አድርጊ»፣ «ካልሲ ደርቢ»፣ «ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነኪ»። አማቴ የሁሉም የበላይ ናቸው። በእሳቸው ሕክምና በዓለም ላይ ያለው በሽታ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የተከፈተ መስኮት።

ክትትል የማደርግበት ጤና ጣቢያ ያለችው ሲስተር ግን ቆፍጣና ናት። በየቀኑ የምውጣት ቀይ ክኒን ሰጥታኛለች። 60 ሚሊ ግራም አይረን፣ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ አለው። አይረኑ ለደሜ ነው። ፎሊክ አሲዱ ግን የሕፃኑ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር በደንብ እንዲሠራ ነው። የሁለቱም መሠረት ደግሞ ከተፀነሰ በኋላ በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ተጥሎ ያልቃል፤ ብዙ እናት ገና ወሬውን ሳትሰማ ማለት ነው። ለዚህ ነው ከማርገዝ በፊት ጀምሩ የሚባለው።

«በሻይ እንዳትውጪው» አለችኝ ሲስተር።

«በቡናስ?»

«በቡናም።»

«በወተት?»

«በወተትም! አይረኑን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጉታል። በውሃ ዋጪና ብርቱካን ወይ ሎሚ አስከትዪ፣ እሱ ያግዘዋል።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሰገራሽ ቢጠቁር እንዳትደነግጪ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር መጥቆሩ አላስደነገጠኝም። ያስደነገጠኝ መቅረቱ ነው። አይረን የወሰደች ታውቀዋለች።

እንግዲህ ሐምሌ ነው። የወሩን ክኒን በወረቀት ፖስታ ተቀብዬ፣ የጨርቅ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ አራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ይዣለሁ። ሰማዩ ተቀደደ። ንፋሱ ዣንጥላዬን ገልብጦ ጎድጓዳ ሳህን አደረገው። ተራዬ ሲደርስ ልብሴም ቦርሳዬም ተጨምቆ የሚሰጣ ሆኗል። ደግነቱ ሆዴን ያየ ሁሉ መንገድ ለቀቀልኝና መስኮት ጋ ተቀመጥኩ።

ታክሲው ሞልቶ ወደ ስታዲየም ተነሳ። መስኮቶቹ ጥርቅም ብለዋል፣ መስታወቱ በላብ ታውሯል። ከኋላ አንድ ሰውዬ ያስላል፤ ሲያስል ጋቢናው ድረስ ይሰማል። ክኒኑ ራሱ ያቅለሸልሸኛል፣ በዚያ ላይ የእርጥብ ጃኬት ሽታ። መስኮቱን ጣት በማታክል ገርበብ አደረግኩት።

«ዝጊው!» አለ ታክሲው በአንድ ድምፅ።

«የኔ እናት፣ በዚህ ሁኔታሽ? ብርድ ይመታሻል!» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡ ነጠላ የለበሱ እናት። ጉንፋን የሚያመጣው ቫይረስ እንጂ ንፋስ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም እንዲህ ተዘጋግቶ ሲሳልበት እንደሚብስ ላስረዳ ሞከርኩ። ሰውዬው ከኋላ ሆኖ «እውነታቸውን ነው እህቴ፣ እኔንም እንዲህ ያደረገኝ መስኮት ነው» አለና አስነጠሰ። ዘጋሁት።

ቤተ መንግሥቱን አልፈን ቁልቁል ስንወርድ እትዬ ነጠላ ዓይናቸው ቀሚሴ ላይ ተተከለ። ከዚያ ወለሉ ላይ። ከዚያ «በስመ አብ!» አሉ።

እኔም አየሁ። ጭኔ ላይ ካስቀመጥኩት ቦርሳ ስር ቀይ ነገር ጠብ ይላል። ክሬም ቀለም ቀሚሴ ላይ ወርዶ፣ ባቴን ይዞ፣ ጫማዬ ጋ ኩሬ ሠርቷል። ፖስታው በዝናቡ ቦክቷል፤ የክኒኖቹ ቀይ ሽፋን ሟሙቶ ነው።

«ደም! ልጅቷ እየደማች ነው!»

«ኧረ ክኒን ነው!» አልኩ።

«ምን አለች?»

«ክኒን ነው እያለች ነው።»

«ውይ፣ መቃዠት ጀመረች!»

ከዚያ በኋላ የእኔ ቃል ዋጋ አልነበረውም። ሹፌሩ ጥሩምባው ላይ ተኛበት። ወያላው በሩን ከፍቶ ግማሽ አካሉን ውጭ አንጠልጥሎ «ወላድ ናት! ወላድ ናት!» ይላል። ገና አምስተኛ ወሬ ነው። ያ ሁሉ ተሳፋሪ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ አንገቱን አውጥቶ «መንገድ ልቀቁ!» ይጮኻል። በሕይወቴ እንደዚያ አየር የገባበት ታክሲ ተሳፍሬ አላውቅም። ማቅለሽለሼ ወዲያው ተወኝ። የሚያስለው ሰውዬ ጃኬቱን አውልቆ አለበሰኝ፤ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር መኪኖቹን አቁሞ አሳለፈን። «ወራጅ አለ» ያለ አንድ ጎረምሳ በእትዬ ነጠላ ዓይን ብቻ ተመልሶ ተቀመጠ።

የገባንበት ሆስፒታል ስሙ ይቆየኝ። በተሽከርካሪ ወንበር ገፉኝ። ተረኛዋ ሐኪም ቀሚሴን አየች፣ ቦርሳዬን ከፈተች፣ ጭቃ ከመሰለው ፖስታ ውስጥ ቀይ ልብሱን የጣለ ነጭ ክኒን በሁለት ጣቷ አነሳች። ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ ማስኳ ሲንቀጠቀጥ ታየኝ።

መጣሽ ካልቀረ ብላ ግፊቴን ለካች፣ የልጁን የልብ ምት አሰማችኝ፣ ደሜንም አስመረመረች። ሄሞግሎቢኔ 11.8 ነው። ለነፍሰ ጡር በጥቅሉ ከ11 በታች ሲወርድ ነው ደም ማነስ የሚባለው። «አይዞሽ» አለችኝ፣ «ከውስጥም ከውጭም ደም አላነሰሽም።»

ስወጣ ታክሲው ከነተሳፋሪው በር ላይ ቆሟል።

«ምን አሉሽ?»

«ቫይታሚን ነው።»

ለአፍታ ፀጥታ ሆነ። እትዬ ነጠላ ግን ምን ቸገራቸው፣ እልልታቸውን አቀለጡት። ወያላው ሒሳቡን ከሌላው ሁሉ ለቅሞ፣ ከእኔ አልቀበልም አለ። ጎረምሳው ብቻ ቀጠሮው እንዳለፈበት ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ።

ያላወቅኩት ነገር፣ በዚያ ግርግር አንድ ሰው ስልኬን ተቀብሎኝ ለእትዬ ነጠላ ሰጥቷቸው ኖሯል። እሳቸውም አማቴ ጋ ደውለው ተርከዋል። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ገባ። ቤት ስደርስ ሳሎኑ ሞልቷል። አጥሚት የያዘ አለ፣ ሙክት ይታረድ የሚል አለ። ጎረቤታችን ቡና በጤና አዳም አፍልታ መጥታለች። ጤና አዳም ማሕፀን ሊያነሳሳ ስለሚችል በእርግዝና እንደማይጠጣ ሲስተር ነግራኛለችና አመስግኜ ለባሌ አሳለፍኩለት። ሁሉም እየሳመኝ «እግዚአብሔር ይማርሽ» ይላል። ከሳሚዎቼ ግማሾቹ አፍንጫቸው እንደ ቧንቧ ይፈሳል። በሩ ተዘግቷል፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ መጋረጃውም በላዩ።

ሰኔን ሙሉ ሳይነካኝ የከረመው ጉንፋን በዚያው ሳምንት ጣለኝ። ሲስተርን በስልክ ጠይቄ ዕረፍት፣ ሙቅ ውሃ በሎሚ፣ ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ሳልውል ሳላድር መምጣት ታዘዘልኝ። አዲሱን ክኒን ባሌ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ አድርጎታል።

አማቴ ብርድ ልብሱን አገጬ ድረስ ጎትተው አለበሱኝና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሴትየዋ በስልክ ነግራኛለች» አሉ። «ታክሲ ውስጥ መስኮት ከፍተሽ ነበር አሉ።»